የጋሼ ቱንቢ ግድግዳ

ቀሚሱ የተቀደደው ሙሽሪት የጀርባውን ስፌት በመስተዋት ለማየት ዞር ስትል ነው። በዚህ ሙሽሪትን የሚወቅስ የለም፤ ነጭ ለብሳ መስተዋት ፊት የቆመች ልጅ ካልዞረች ማን ሊዞር ነው? ጥፋቱ የልብስ ሰፊዋ የመለኪያ ክፍል ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ግድግዳዋ ልስን ነክቶት የማያውቅ፣ እርቃኑን የቆመ ብሎኬት ነው፣ የብሎኬቱም ፊት እንደ ሞረድ ነው። የቀሚሱን ዳንቴል ጫፉን ያዘና አልለቅም አለ። ልጅቷ ሳታውቅ ዙሯን ቀጠለች፣ ዳንቴሉም ከወገቧ እስከ ተረከዟ ተተረተረ።

ሙሽሪት አለቀሰች። እናትየዋ ግን አላለቀሰችም፤ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥላ ልብስ ሰፊዋን፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሳ ግድግዳውን አየችው። ልብስ ሰፊዋ ዳንቴሉን በአዲስ እንደምትተካ፣ ጨርቁም ልፋቱም ከራሷ እንደሆነ፣ የሠርጉ ቀን ማንም ዓይን እንደማይለየው እየማለች ነገረቻት። እናትየዋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ባለቤትሽ ጋሼ ቱንቢ አይደሉም እንዴ?» አለቻት። «የኔን ቤት የለሰኑት እሳቸው ናቸው። ግድግዳዬ ላይ ጉንጭሽን ብታሻሺ እንኳ አይቧጭርሽም።»

እናትየዋ የሚዜዎቹ ልብስ የሚለካው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሆነ፣ ግድግዳው እንዲህ ከቆያት ግን ልጆቹን ይዛ መንገድ ማዶ ወዳለው ሰፊ እንደምትሄድ ተናግራ፣ የምታለቅስ ልጇን እየጎተተች ወጣች። ሴትየዋ አፏ የማያርፍ ናት። ሚዜዎቹ ቀሩ ማለት ወሬው ወጣ ማለት ነው፣ ወሬው ወጣ ማለት ደግሞ ከእንግዲህ በዚህ በር ሙሽራ አይገባም ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ የክር ቁርጥራጭ ከወለሉ እየለቀመች ይህን ታሰላ ነበር።

ጋሼ ቱንቢ የሚለውን ስም ለባሏ ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ቱንቢ ግድግዳ መቅናቱ የሚታይበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው። እሱ ግን ብረቱን አይፈልገውም፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አይቶ «ይህ ግድግዳ ሆዱ ተነፍቷል» ካለ ተነፍቷል። በከተማው እሱ ያልለሰነው ቤት የቱ ነው ቢባል የራሱ ነው። ይህን ሥራ ላስረክብ ሲል፣ ክረምቱ ይውጣ ሲል፣ ነገ ሲል፣ ልጃቸው በዚያው ብሎኬት ላይ ክርኗን እየላጠች አድጋ፣ አግብታ ሄዳለች። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ያለ ሰው ይህን ቤት ሳያይ የተናገረው አይመስልም።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲገባ የተቀደደውን ቀሚስ በሩ ትይዩ ሰቅላ ጠበቀችው። ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ አየውና አንገቱን ደፋ። የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችለት፣ እናትየዋ ያለችውንም አልደበቀችውም። እሠራዋለሁ አላት። መቼ ስትለው ነገ አለ። ይህችን ነገ ታውቃታለች፤ ከልጇ ቀድማ በዚህ ቤት የተወለደች ናት።

«እንግዲያው ሰው እቀጥራለሁ» አለችው።

ያን ጊዜ ቀና አለ። «እኔ በሕይወት እያለሁ የዚህን ቤት ግድግዳ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም።»

«ታዲያ አንተ ንካዋ። ሰነፍ። ድሮ በየሳምንቱ የሸሚዝህን ብብት ስጠግን ነበር የምውለው፤ አሁን መቀደድ ከተወ ስንት ጊዜው። የሚሠራ ሰው ልብሱ አይቀደድም?»

ይህን ስድብ ሌላ ወንድ ቢሆን አይውጠውም። ጋሼ ቱንቢ ግን መልስ ሳይሰጥ ወደ ጓሮ ወጥቶ እግሩን መታጠብ ጀመረ። እንዲያውም ፊቱን ያየው ሰው ዕዳ የተነሣለት ነው የሚመስለው። ልብስ ሰፊዋ ፊቱን አላየችም፤ የተናደደ ሰው ጀርባ ነው የሚያየው።

በነጋታው ለሳኝ ፍለጋ ወጣች። የመጀመሪያው ሰው የት ቤት እንደሆነ እስኪሰማ ድረስ ደስ ብሎት ነበር፤ የማን ቤት እንደሆነ ሲሰማ ሥራ እንደበዛበት ትዝ አለው። ሁለተኛው ወገቡን አመመው። ሦስተኛው ቢያንስ እውነቱን ነገራት፤ በለሳኞች ዘንድ በሕይወት ያለ ባለሙያ ቤት ላይ ሌላው የመለሰኛ ማንኪያውን፣ ካዞላውን፣ አያነሣም፤ ካነሣ ሰውየው ሞቷል ወይም አልቆለታል ብሎ በአደባባይ መመስከሩ ነው። የባለሙያ ቤት የሚለሰነው በራሱ እጅ ወይም ከቀብሩ በኋላ ነው አላት። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ ሰው ሚስት አልነበረችውም ማለት ነው ብላው ሄደች።

የቀራት ቀጭኔ ብቻ ነበር። ቀጭኔ ሥራውን ከጋሼ ቱንቢ እጅ የተማረ፣ አሁንም ከእሱ ጋር አብሮ የሚውል፣ ቁመቱ ከበር የሚተርፍ ሰው ነው። ጋሼ ቱንቢ ስሚንቶ ሊያመጣ በወጣበት ሰዓት ጠብቃ ከሚሠሩበት ፎቅ ሥር አገኘችው። ሌሎቹ ቢፈሩ ቢፈሩ ይህ በቤቷ በልቶ ጠጥቶ ያደገ ነው፣ እንደ ልጅ ነው፣ እምቢ አይለኝም ብላ ነበር።

ቀጭኔ ሰምቷት ሲጨርስ እጁ ላይ የደረቀውን ስሚንቶ መላጥ ያዘ። «እትዬ፣ ይህን እንዳልነገሩኝ፣ እኔም እንዳልሰማሁ ይሁን» አላት።

«ምን አለበት? እሱ እንደሆነ አይሠራው። በስንፍናው እኔ ከሰው በታች ልሁን?»

«ጋሼ ሰነፍ አይደሉም» አለና አፉን ያዘ። ሌላ የሚል መስሏት ብትጠብቀው ወደ ላይ፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ብቻ አየ። እሷም ተከትላ ብታይ አዲስ ከተለሰነ ግድግዳ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ውለታ የማያውቅ መሆኑን ነግራው፣ ያበላችውን ሁሉ በጎኑ እንዲያወጣው ተመኝታለት፣ ብሽቅ ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እንግዲህ ማን ቀረ? ራሷ። መንገዱን ሙሉ ስታስበው ነገሩ ያን ያህል የሚያስፈራ አልመሰላትም። ልስን ምንድን ነው? ግድግዳን ማልበስ አይደል? ማልበስ ደግሞ ዕድሜዋን የበላችበት ሥራ ነው። ባሏ እራት ላይ ስለ ልስን ሲያወራ የኖረውን ሁሉ ሳትወድ በግድ ሰምታዋለች፤ ማታ ማታ ሌላ ወሬ አያውቅም። እነዚህ ወንዶች በሙያቸው ላይ ተኝተው ማንንም የማያስጠጉት ምናልባት ቀላል መሆኑ እንዳይታወቅባቸው ይሆናል ብላ በልቧ አማቻቸው።

በማግስቱ ባሏ ማልዶ ሲወጣ አሸዋና ስሚንቶ አስመጣች፣ ማሽኖቿን ሸፈነች፣ መቁረጫ ጠረጴዛዋን ወደ መሃል ሳበች። የስህተቷ መጀመሪያ አሸዋው ነው። ጠጠር የበዛበት፣ ሻካራ መሰላት። እሷ ደግሞ ሻካራ ነገር አትወድም፤ የቤቱ ጠብ ሁሉ በሻካራ ነገር የመጣ ነው። ከሙሽራ ዓይነ ርግብ የተረፈ ስስ ጨርቅ ነበራትና በሰፊ ሳፋ ላይ ወጥራ አሸዋውን በዚያ ነፋችው። የወረደው እንደ ዱቄት ነው። በእጇ ዘግና ስታየው እንዲህ ያለ አሸዋ ባሏም በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ ታውቋት ኮራች። እውነቷን ነው፣ አይቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ አሸዋ ግድግዳ ላይ የሚያወጣ ጤነኛ ለሳኝ የለም።

ሁለተኛው ስህተት ግድግዳውን ውሃ አለማጠጣቷ ነው። ደረቅ ብሎኬት ይጠማል፤ የሚለጠፍበትን ሁሉ ውሃውን መጦ ይጨርሰዋል። ይህን እራት ላይ ሳትሰማው አልቀረችም፣ ግን ማን እርጥብ ገላ ላይ ልብስ ያለብሳል? ድብልቁን በባሏ አሮጌ ካዞላ እያነሣች ለጠፈችው፣ በእንጨት አለሰለሰችው፣ ለምሳ ሳትቀመጥ አንዱን ግድግዳ ጨረሰች። ሲታይ እንደ ሐር ነበር። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ፀጉሯ ላይ ስሚንቶ ደርቆ፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና በልቧ ባሏንም፣ ቀጭኔንም፣ የሙሽራዋን እናትም አንድ በአንድ ሰደበቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳው መሰነጣጠቅ ጀመረ። በመጀመሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር በጥጉ በኩል ወጣ። ቀጥሎ መስመሩ ዘመድ ጠራ፣ ዘመዱም ዘመድ ጠራ፣ ሁሉም እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጠቀ። በጣቷ ስትነካው እጅ የሚያህል ቁራጭ ተላቆ እግሯ ሥር ወደቀ፣ ከኋላው ያ የምታውቀው ብሎኬት እንደ ድሮው አፈጠጠባት። በዚህ መሃል ነው ጋሼ ቱንቢ የገባው።

አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ ያን ቀን በዚያ ቤት ምን ይደረግ እንደነበር እንጃ። ወደ አሸዋው ሄዶ በጣቶቹ አሽቶ፣ ዓይነ ርግቡን ከሳፋው ላይ አንሥቶ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«አሸዋውን ገደልሽው» አላት። «አሸዋ የሚይዘው ሻካራ ስለሆነ ነው። ይህንን ማን ነገረሽ?»

«የሚነግረኝ ሰው መች አለኝና።»

የለጠፈችውን ሁሉ ጠርጎ አወረደው፤ የቀረውን ያልተነፋ አሸዋ አመጣ፣ ግድግዳውን በባልዲ ውሃ ደጋግሞ አርሶ አጠገበው። ከዚያ ደባለቀና ካዞላውን አነሣ። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ሲሠራ ካየችው ስንት ዘመኗ። ድብልቁ ከእጁ ሲወጣ ጧ እያለ ይጣበቃል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ፣ ሳይራራቅ፤ ጣውላውን ሲጎትትበት የተረፈው ይረግፋል፣ የጎደለው ይሞላል። ከወለሉ ተነሥቶ እየወጣ እየወጣ ደረቱ ጋ ደረሰ። እልኋ እንዳለ ሆኖ ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም ይበልጥ ተናደደች፤ ይህን ሁሉ ዘመን ይህንን ነው የከለከላት።

ደረቱ ጋ ሲደርስ አቆመ። ካዞላውን ባልዲው ውስጥ ከተተና ለዛሬ ይበቃል፣ የላዩን ነገ እጨርሰዋለሁ አላት።

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን አየች። ባሏ ሲረግም ከሰማቻቸው ለሳኞች ሁሉ አብልጦ የሚረግመው ግድግዳን ከወገቡ አቋርጦ የሚሄደውን ነው፤ መጋጠሚያው ደርቆ ዕድሜ ልኩን ጠባሳ ሆኖ ይታያል ይላል። ሌላም የሚለው ነበር፤ ልስን ከላይ ነው የሚጀመረው። ይህን ቀጭኔን ሲያስተምረው በዚሁ ቤት ስንቴ ሰምታዋለች። እሱ ግን ዛሬ ከታች ነው የጀመረው። ሸሚዙን አየችው። ላቡ ጀርባውን አርሶታል፣ የቀኝ ብብቱ ስፌት ግን እሷ ከዓመት በፊት እንደሰፋችው ነው፣ አልተሳበም፣ አልላላም። የሰው ልብስ የሚነግራትን ነገር ከማንም ቀድማ የምታነብ ሴት ናት፣ የዚህን ሸሚዝ ወሬ ግን ስንፍና ብላ ነው ያነበበችው።

የመለኪያ ሜትሯ እንደ ሁልጊዜው አንገቷ ላይ ነበር። አወረደችውና አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«እጅህን አንሣ» አለችው።

ይህን ቃል በቀን ስንቴ ትናገረዋለች። ሕፃኑም ሽማግሌውም ሰምቶ እጁን ያነሣላታል። ጋሼ ቱንቢ ግራ እጁን አነሣ። ቀኙ እስከ ደረቱ መጣና ቆመ፤ ሊገፋው ሞከረ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ መልሶ አወረደው።

«ትከሻዬ ነው» አላት።

ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠየቀችው። አይቶታል። ምን አለህ ስትለው ሌላ ሥራ ፈልግ አለኝ አላት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስታወጣጣው፣ እሷ የሸሚዝ ብብት መጠገን ካቆመችበት ጊዜ ጋር አንድ ሆኖ አገኘችው። ሥራ ቦታ ታቹን እሱ፣ ላዩን ቀጭኔ ነው የሚሠሩት፤ ጓደኞቹ ሁሉ ያውቃሉ፣ ተቋራጩ ብቻ አያውቅም። ያወቀ ቀን እንደሚያባርረው የታወቀ ነው።

«ሁሉም ያውቃሉ» አለች። «እኔ ነኝ የማላውቀው። አንድ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ።»

«አንቺማ ሰነፍ ትዪኝ ነበር። እሱ ይሻለኛል።»

«ሰነፍ መባል ይሻለኛል ይላል እንዴ ሰው?»

«ሰነፍ የተባለ ሰው ነገ ሊሠራ ይችላል» አላት።

ማንም ቢሆን እዚህ ላይ ታለቅሳለች ብሎ ይጠብቃል። አላለቀሰችም። ደሟ ፈላ፣ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ተናዳ አታውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ በየማታው ስትሰድበው፣ በሰው ፊት ስታዋርደው፣ እሱ እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቦት ተቀምጦ ነበር። ንዴቷን ሳያስፈቅድ መደበቂያ አድርጎ እሷን ክፉ ሴት አድርጓት ኖሯል። ይህንን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ከትከሻው በፊትስ፣ እነዚያ ሁሉ ዓመታት ምን ሆነህ ነው ስትለው፣

«ያኔስ በእውነት ሰነፍ ነበርኩ» አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን ያስቃት ነበር። በበሩ በኩል እያየች ቀጭኔን ልጥራው አለችው። አይሆንም አላት፤ ቀጭኔ ይህን ግድግዳ ነካ ማለት ጋሼ ቱንቢ አለቀ ማለት እንደሆነ ከተማው ያውቃል፣ ተቋራጩም ወሬውን ለመስማት ሰዓት አይፈጅበትም። ታቹ ደግሞ እየደረቀ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን አወለቀች፣ መቁረጫ ጠረጴዛውን ግድግዳው ሥር ገፋችና ወጣችበት።

«አቀብለኝ» አለችው።

እሱ ከሥር በግራ እጁ ድብልቁን እያቀበለ፣ እሷ ከላይ እየወረወረች ሠሩ። ከክንድሽ ሳይሆን ከእጅ አንጓሽ ነው ይላታል፣ አንጓዬን ከእኔ በላይ ታውቃለህ ትለዋለች። ከምትወረውረው እኩሌታው በግንባሩ ላይ ነበር የሚያርፈው። እሱም በሙያው የሚቀልድበትን ሰው አይምርም፤ ሆዱን ነፋሽው፣ ጥጉን በላሽው፣ አታሻሺው ልጅ አይደለም እያለ ይጮሃል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያይ ሲል ሁለቱንም ግለጥ ብላ ጮኸችበት። እርስ በርስ ሲነታረኩ መጋጠሚያው ሳይደርቅ ላዩ ታቹን ደረሰበት። የቀሩትንም ግድግዳዎች በሚቀጥሉት ቀናት በዚሁ ጠብ ጨረሷቸው።

የሙሽራዋ እናት ሚዜዎቹን አስከትላ በቀጠሮዋ መጣች። ጋሼ ቱንቢ ያን ቀን ሥራ አልነበረውምና የውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር። እናትየዋ ሰላምታ ሰጥታው ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ቃል አላወጣችም እንጂ ረክታ ነበር። ከዚያ ቀና አለች። ከደረት በላይ ግድግዳው እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይሰረጉዳል፤ ለማየት ቱንቢ አያስፈልገውም።

«የላዩ ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ጋሼ፣ እጅዎ ከዳዎት እንዴ?»

ለቀልድ ነው ያለችው። ጋሼ ቱንቢ ግን ከበሩ ላይ ንቅንቅ ሳይል ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጁን ከኋላው ሲሸሽግ አየችው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች። «ታቹን ሠርቶ ምሳ ሊበላ ቢቀመጥ ንዴቴ አላስቀምጥ አለኝ፣ ላዩን ራሴ ለጠፍኩት። ሲነሣ ደርቆ ጠበቀው።»

እናትየዋ ከሆዷ ሳቀች፣ ሚዜዎቹም አብረው ሳቁ። እንዲህ ያለ እጅ ያለውን ሰው ሥራ የምታበላሽ ሴት አይታ እንደማታውቅ፣ ይህች ቁጣ አንድ ቀን ቤቱንም እንደምታፈርሰው ተናገረች፤ ወደ ጋሼ ቱንቢ ዞራም ይህችን እንዴት ቻሏት ብላ አዘነችለት። ማታውኑ ሰፈሩ እንደሚሰማው ልብስ ሰፊዋ አውቃዋለች። ስሟ ሲነሣ ከእንግዲህ የባሏን ግድግዳ ያበላሸች ቁጡ ሴት ናት የሚባለው። ይሁን። ቁጣው እንደሆነ የራሷ ነው፣ ዛሬ ሳያስፈቅድ የወሰደባትም የለም፤ ራሷ ናት ባሏን ያለበሰችው። እንደዚያም ሆኖ ገና አልበረደላትም፣ ከሰዎቹ መሄድ በኋላ የምትለው ብዙ ነገር ነበራት።

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። የመጀመሪያዋ ልጅ መስተዋቱ ፊት ሄዳ ቆመች፣ ቀሚሷም የለሰለሰውን ግድግዳ ተሻሽቶ አለፈ።

«እጅሽን» ብላ ጀመረች፣ አንሺ የሚለውን ግን ዋጠችው፤ ባሏ አሁንም በሩ ላይ ነበር። «ዝም ብለሽ ቁሚ» አለቻት፣ ራሷ ጎንበስ ብላም በልጅቷ ዙሪያ ዞረች።